ሦስት ሰዎች የሚዋደዱበት ታሪክ ምን መለያ ይሰጠው? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በጅማ ፈረንጅ አራዳ ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ይዘን ልብ ወለዳችንን ከምንነባበብ ወዳጆች አንዷ፣ በቅርቡ ታሪኳን በኢንተርኔት ልታወጣ ስትል መለያዎቹ፣ ማለትም ታሪኩ ምን እንደያዘ ለአንባቢ የሚጠቁሙት ታጎች፣ ላይ ደርሳ ቆመች። በታሪኩ ሌንሳ ነጂብንም ዳዊትንም ትወዳለች፤ ሁለቱም ያውቃሉ፣ ተስማምተዋልም፤ እርስ በርሳቸው ግን ከጓደኝነት ያለፈ ነገር የላቸውም። ከጠረጴዛው ዙሪያ የጎረፈው ምክር በአብዛኛው የተሳሳተ ነበር።

የመጀመሪያው ምክር «ሦስት ሰዎች ካሉ ሦስቱንም ስም በአንድ መለያ ደርድሪው» የሚል ነበር። ሆኖም መለያው የሚናገረው ስንት ሰዎች እንዳሉ ሳይሆን ማን ከማን ጋር እንደተያያዘ ነው። ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት በሆነውና «አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን» በተባለው የኢንተርኔት የልብ ወለድ ማኅደር፣ በስሞች መካከል የሚገባው እዝባር (/) የፍቅር ወይም የወሲብ ግንኙነትን ሲያመለክት፣ የ«እና» ምልክት (&) ደግሞ ጓደኝነትን ወይም ዝምድናን ያመለክታል። «ሌንሳ/ነጂብ/ዳዊት» የሚለውን ያየ አንባቢ፣ ሁለቱ ወንዶችም እንደሚዋደዱ ጠብቆ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በእኔ አስተያየት ለዚህ ታሪክ የሚስማሙት «ሌንሳ/ነጂብ»፣ «ሌንሳ/ዳዊት» እና «ነጂብ & ዳዊት» የሚሉት ናቸው፤ ስምምነቱን ለመግለጽም «ፖሊአሞሪ» (ሁሉም አውቀውና ፈቅደው ከአንድ በላይ ሰው መውደድ) የሚል ተጨማሪ መለያ ያስፈልጋል። (እዝባር ለእኛ ዓይን የምሕጻረ ቃል ምልክት መሆኑ አንድ ችግር ፈጥሯል፦ ወ/ሮ እና ገ/ማርያም እያነበበ ያደገ አንድ ወዳጃችን «ሌንሳ/ዳዊት»ን የልጅና የአባት ስም አድርጎ አንብቦት ነበር።)

«‹መልቲ› የሚለውን ምድብ ከመረጥሽ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልግም» የሚለውም አያስኬድም። ይህ የማኅደሩ የግንኙነት ዓይነት ምድብ ብዙ ተጓዳኝ ያሉበትን ግንኙነት ብቻ ሳይሆን፣ የተለያየ ዓይነት ጥንዶች ጎን ለጎን የሚገኙበትን ታሪክም ያጠቃልላል፤ ወንድና ሴት እንዲሁም ሁለት ሴቶች በየራሳቸው የሚዋደዱበት፣ ማንም ከአንድ ሰው በላይ የማይወድበት ታሪክም በዚያው ምድብ ሊገባ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን «ይህ እኮ ያው ጣውንትነት ነው» የሚለው አስተያየት ነበር። አንድ ወንድ ከአንድ በላይ ሚስት ማግባቱ በአካባቢያችን የሚታወቅ ነገር ስለሆነ ቃሉ ቶሎ አፍ ላይ ይመጣል። ነገር ግን ጣውንትነት በጋብቻ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ጣውንቶችም ሳይመካከሩ በአንድ ባል ምክንያት የተገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ። ፖሊአሞሪ ደግሞ ጋብቻ ይኑርም አይኑር የሁሉንም ዕውቀትና ፈቃድ ይጠይቃል። ሌንሳ ከዳዊት ጋር ያላትን ነገር ከነጂብ ደብቃ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ የውሽማ ታሪክ ይሆንና ተገቢው መለያ «ክህደት» ይሆን ነበር፤ ከሁለቱ አንዱን እንድትመርጥ የምትገደድ ቢሆን ደግሞ «የፍቅር ሦስት ማዕዘን» ይባል ነበር። ክህደትን የሚሸሽ አንባቢ የሚመራው በእነዚህ ቃላት በመሆኑ፣ አንዱን በሌላው መተካት ቀላል ስሕተት አይደለም።

መለያ በበዛ ቁጥር አንባቢ ይበዛል የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ማኅደሩ ራሱ ለአንድ ሥራ የገጸ ባሕርያት፣ የግንኙነትና ተጨማሪ መለያዎችን ጨምሮ ከ75 በላይ አይፈቅድም፤ በአንድ መስመር ብቻ የሚጠቀስን ጥንድ መለያ ማድረግም ያንን ጥንድ ፈልጎ የመጣውን ሰው ያሳዝናል። ወዳጃችን በዚሁ መሠረት የሌንሳን የድሮ እጮኛ ሰረዘች፤ «ቡና» የሚለውን ግን አልሰርዝም ብላ ተከራከረችን፣ ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ የሚካሄድ በመሆኑም ተረታንላት።