ሳፔራቪን ከክቬቭሪ መቅመስ

ሳፔራቪ ዋነኛው የጆርጂያ ቀይ የወይን ዝርያ ነው። ስሙ «ማቅለሚያ» ማለት ሲሆን በትክክል ይገልጸዋል። አብዛኛው ጥቁር ወይን ቀለሙ ያለው ልጣጩ ላይ ብቻ ነው፤ ሳፔራቪ ግን ሥጋውም ቀይ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ሲቀዳ መሐሉ ብርሃን አያሳልፍም፣ ጠርዙ ሐምራዊ ይሆናል፣ ሲያዞሩትም ብርጭቆውን ያቀልማል። ጆርጂያውያን ራሳቸው «ጥቁር ወይን» ይሉታል። ዋና አገሩ በምሥራቅ ጆርጂያ የሚገኘው ካኼቲ ነው።

የሚጠመቅበት የሸክላ ዕቃ ክቬቭሪ ይባላል። የእንቁላል ቅርጽ አለው፣ ታቹ ሹል ነው። ከጠላ ጋን የሚለየው እስከ አፉ ድረስ መሬት ውስጥ መቀበሩ ነው፤ በውስጡ ሰው ገብቶ የሚያጥበው ትልቅም አለ። ዩኔስኮ ይህን የአጠማመቅ ዘዴ በ2013 እ.ኤ.አ. በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሯል። ከዋና ከተማዋ ትብሊሲ በስተደቡብ ባሉ ቁፋሮዎች በተገኙ የሸክላ ስብርባሪዎች ላይ ደግሞ 8,000 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው የወይን ጠጅ ቅሪት ታይቷል።

በቀማሾች ዘንድ «የሸክላ ጣዕም» የሚባል ነገር ይወራል፤ ስሕተት ነው። የክቬቭሪው ውስጥ በስሱ የንብ ሰም ይቀባል፤ ንጹሕ ከሆነ የሸክላም የሰምም ጣዕም አይሰጥም። የሚሰጠው እኩል የሆነ ቅዝቃዜና በትንሹ የሚገባ አየር ነው። ጣዕሙ የሚመጣው ከፍሬውና ከልጣጩ ጋር ከቆየበት ጊዜ ነው።

በመስከረም የተለቀመው ፍሬ ተጨምቆ ከነልጣጩና ከነዘሩ ይገባል፤ ሲፈላ ስለሚነሣ ጋኑ አይሞላም። እርሾ አይጨመርበትም፣ በልጣጩ ላይ ያለው ይበቃዋል። ወደ ላይ የሚንሳፈፈው ልጣጭ በቀን ሦስት አራት ጊዜ በእንጨት ወደ ታች ይደፈቃል። አንድ ቀን ከተዘነጋ ይደርቅና ኮምጣጤ መሆን ይጀምራል። ነጩ የካኼቲ ወይን ከልጣጩ ጋር ወራት ሲቆይ፣ ቀዩ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይለያል፤ የሳፔራቪ ልጣጭ ከዚያ በላይ ቢቆይ አፍ የሚጨመድደው ታኒን ይበዛል። ከዚያ ወደ ሌላ ንጹሕ ክቬቭሪ ተገልብጦ፣ ክዳኑ በጭቃ ተመርጎ እስከ ጆርጂያ ጸደይ፣ መጋቢት ወይም ሚያዝያ ገደማ፣ ይቆያል። ዘሩና አተላው ወደ ሹሉ ጫፍ ስለሚወርዱ ወይኑን የሚነኩት በትንሹ ነው።

ለመቅመስ ጠርሙሱን ከአንድ ቀን በፊት አቁሙት፤ ያልተጣራ ስለሆነ አተላ አለው። ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቅረብ፤ ቢሞቅ አልኮሉ ይጎላል፣ ቢቀዘቅዝ ታኒኑ ይሻክራል። ከአንድ ሰዓት በፊት ይከፈት። ጥቁር ቼሪ፣ ፕሪምና ሮማን ይሸታል፤ ምላስ ላይ መጀመሪያ ጉምዝዝ ይልና ከዚያ ድድ ይይዛል። የሰባ ጥብስ ይወዳል።

ሰልፋይት (እንዳይበላሽ የሚጨመር ኬሚካል) ያልገባበት ወይን ጉድለቱን መደበቅ አይችልም። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ አየር ካለማግኘት የመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሌላ ዕቃ ሲገለበጥ ይጠፋል። የኮምጣጤ ወይም የአሴቶን ሽታ ግን አይጠፋም። የበረት ሽታ ብሬታኖማይሰስ ከሚባል እርሾ ነው፤ ጥቂቱን የሚወዱ አሉ፣ ፍሬውን ሲሸፍን ግን ጋኑ በደንብ አለመታጠቡን መጠርጠር ይገባል። አስቸጋሪው የአይጥ ጣዕም የሚባለው ነው፦ ማሽተት አይገልጠውም፣ ከተዋጠ ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ምራቅ ሲቀላቀለው ብቻ ይወጣል። ስለዚህ ከመፍረድ በፊት ውጦ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ሳፔራቪ የሚል ጽሑፍ ብቻውን ክቬቭሪ ማለት አይደለም፤ አብዛኛው የጆርጂያ ወይን በብረት ጋን ይሠራል። ኪንድዝማራውሊም ከሳፔራቪ የሚሠራ በመጠኑ ጣፋጭ ወይን ነው፣ ደረቅ (ጣፋጭነት የሌለው) የሚፈልግ ሰው እንዳይሳሳት። ጤናማውን ለመለየት ግማሹን መልሶ ከድኖ ለነገ ማቆየት ነው፤ ጥሩ የክቬቭሪ ሳፔራቪ በማግስቱ ይለሰልሳል፣ ደካማው ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል።