የሲፒኤስ ገንዘብ ከየት ይመጣል?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ሐበሻ ሲፒኤስ የሚለውን ስም ሳይሰማ አይቀርም። በልጅ ላይ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ደርሷል የሚል ጥቆማ ተቀብሎ የሚያጣራ፣ ሲያስፈልግም ጉዳዩን ፍርድ ቤት የሚያቀርብ የመንግሥት አገልግሎት ነው። ብዙ ሰው አንድ ትልቅ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይመስለዋል። አይደለም። እያንዳንዱ ስቴት የራሱ ሕግና የራሱ መሥሪያ ቤት አለው። በካሊፎርኒያ፣ በኒውዮርክ፣ በሚኒሶታና በኮሎራዶ ደግሞ ሥራውን የሚያከናውኑት ካውንቲዎች ናቸው። በር የሚያንኳኳው ሠራተኛ የፌዴራል ተቀጣሪ አይደለም። ሥራው የሚካሄድበት ገንዘብ ግን በከፊል ከፌዴራል መንግሥት ይመጣል። ባዶውን አይመጣም፤ ግዴታ ተሸክሞ ነው የሚመጣው።

የፌዴራል መንግሥት ወደዚህ ጉዳይ የገባው ቀስ እያለ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) በ1912 ፕሬዚዳንት ታፍት የሕፃናት ቢሮ እንዲቋቋም ፈረሙ፤ የመጀመሪያዋ ኃላፊ ጁሊያ ላትሮፕ ነበረች። ቢሮው መጀመሪያ ላይ ሥራው ጥናት ነበር፤ ለምሳሌ ጨቅላዎች ለምን ይሞታሉ የሚል። በ1935 የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ለሕፃናት ደኅንነት ጥቂት ገንዘብ መደበ። ነገሩን የቀየረው ግን ሕክምና ነው። በ1962 የዴንቨሩ ሐኪም ሄንሪ ኬምፕና ባልደረቦቻቸው የሚደበደቡ ሕፃናት ሰውነት ላይ የሚታየውን ጉዳት በሕክምና መጽሔት አሳተሙ። አገር ደነገጠ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስቴቶች ሁሉ ጥቆማ መስጠትን የሚያስገድድ ሕግ አወጡ። ስልኩ መጮኽ ጀመረ፤ የሚያነሳ ሰው ለመቅጠር ግን ገንዘብ አልነበረም።

ካፕታ እየተባለ የሚጠራው፣ በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃትን ለመከላከል የወጣው ሕግ በዚህ መሃል መጣ። ሴናተር ዋልተር ሞንዴል ገፉበት፤ ኒክሰን በጥር 1974 ፈረሙት። ለስቴቶች በቀጥታ ለጥበቃ ሥራ የሚሰጠው ዋናው ግራንት (ድጎማ) እስከ ዛሬ ይኸው ነው። አከፋፈሉ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ስቴት 50,000 ዶላር መነሻ፣ ቀሪው ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ባሉ ልጆች ብዛት። ሁሉም ተደምሮ ሰሞኑን በዓመት ከ100 ሚሊዮን ዶላር ትንሽ የሚበልጥ ነው። ለአንድ ከተማ ብዙ ይመስላል፤ ለመላው አሜሪካ ግን ኢምንት ነው።

ገንዘቡ ጥቂት፣ ትእዛዙ ብዙ። ይህን ግራንት የሚወስድ ስቴት እንደ መምህርና ሐኪም ያሉ ሰዎች እንዲጠቁሙ የሚያስገድድ ሕግ ሊኖረው ይገባል። በቅን ልቦና የጠቆመ ሰው እንዳይከሰስ መከላከል አለበት። መዝገቡ ምስጢር ሆኖ መያዝ አለበት። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ለልጁ ብቻ የሚቆም ተወካይ መመደብ አለበት። ሕዝቡ ራሱ የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የሚገመግምባቸው የዜጎች ቡድኖችም ይቋቋማሉ፤ በየዓመቱም ሪፖርት ያወጣሉ። ከ2003 ወዲህ ደግሞ ለወላጅ በጣም የሚጠቅም ግዴታ ተጨምሯል። ሠራተኛው መጀመሪያ በተገናኛችሁበት ሰዓት የቀረበባችሁ ክስ ምን እንደሆነ ሊነግራችሁ ይገባል። «ዝም ብለን ልናይ ነው የመጣነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም። ማን እንደጠቆመ ግን አይነግራችሁም።

ትልቁ ገንዘብ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ ታይትል ፎር-ኢ በሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲ ሕግ ክፍል። በ1980 ፕሬዚዳንት ካርተር የፈረሙት ሕግ ነው የፈጠረው። ይህኛው በየዓመቱ በቢሊዮኖች የሚቆጠር ሲሆን ጣሪያ የለውም። ስቴቱ ብቁ የሆነን ልጅ ፎስተር ኬር (ከወላጆቹ ተለይቶ ለጊዜው በሌላ ቤት የሚያድግበት ሥርዓት) አስገብቶ ለምግቡ፣ ለልብሱና ለማደሪያው ካወጣ፣ ፌዴራሉ ከፊሉን ይመልስለታል። ድርሻው እንደ ስቴቱ አቅም በሕግ ከ50 እስከ 83 በመቶ ይደርሳል። ሀብታሟ ሜሪላንድ ግማሹን ታገኛለች። ለዲሲ 70 በመቶ ተወስኗል። ድሃዋ ሚሲሲፒ ከዚያም በላይ ታገኛለች። ለአስተዳደር ወጪ 50፣ ለሠራተኛ ሥልጠና 75 በመቶ ይመለሳል። የሚገርመው፣ ጥቆማን የማጣራቱ ሥራ፣ ማለትም ሲፒኤስ የምንለው ራሱ፣ በዚህ ገንዘብ አይሸፈንም።

«ልጅ በወሰዱ ቁጥር ይከፈላቸዋል» ሲባል እንሰማለን። ለሠራተኛ የሚሰጥ ኮሚሽን የለም። ስቴቱም ቢሆን ካወጣው ከፊሉ ነው የሚመለስለት፤ ቀሪውን ከራሱ ግብር ይሸፍናል። ወሬው ከምንም አልተነሳም ግን። በ1997 የወጣ ሕግ ስቴቶች ከመነሻ ቁጥራቸው በላይ ለሚያጸድቁት ለእያንዳንዱ የፎስተር ልጅ ጉዲፈቻ 4,000 ዶላር ማበረታቻ አስቀመጠ፤ በኋላ ቀመሩም መጠኑም ተቀይሯል። ያው ሕግ ልጁ ካለፉት 22 ወራት 15ቱን ፎስተር ኬር ከቆየ፣ ስቴቱ የወላጅነት መብት እንዲቋረጥ እንዲጠይቅ ያዛል። ልጁ ዘመድ ጋር ካለ ወይም ለቤተሰቡ የተገባው አገልግሎት ካልተሰጠ ላይጠይቅ ይችላል። ኬዝ ላይ ያለ ወላጅ የፍርድ ቤት ቀጠሮውን ቸል ማለት የሌለበት ለዚህ ነው።

እኔ ከወሬው ይልቅ የሚያሳስበኝ የገንዘቡ አቀማመጥ ነው። ለአርባ ዓመት ገደማ ልጁ ከቤት ከወጣ በኋላ ያለው ወጪ በሰፊው ይመለስ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ቤተሰቡን ለመደገፍ የሚሰጠው ግን በቁንጥጫ ነበር። ብቁነቱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ልጁ ለፎስተር ኬር ክፍያው ብቁ የሚሆነው ቤተሰቡ በሐምሌ 1996 በነበረው የድሆች እርዳታ መስፈርት ድሃ ከሆነ ነው። የዋጋ ንረት አይታሰብም። ኑሮ ሲወደድ መስመሩ እዚያው ስለቀረ፣ ፌዴራሉ የሚከፍልላቸው ልጆች ድርሻ እየቀነሰ ሄዷል። ልዩነቱን የሚሞሉት ስቴቶቹ ናቸው።

በየካቲት 2018 የወጣው ፋሚሊ ፈርስት የተባለ ሕግ ይህን በከፊል ቀየረው። ስቴቶች በታይትል ፎር-ኢ ገንዘብ ልጁ ገና ቤቱ እያለ ለአእምሮ ጤና፣ ከሱስ ለመላቀቅና ለወላጅነት ሥልጠና መክፈል ቻሉ። የገቢ መስፈርት የለውም። አገልግሎቱ እስከ 12 ወራት ይሰጣል። ውጤታማነቱ በጥናት የተደገፈ ፕሮግራም መሆን አለበት። ይህ መስፈርት ጥሩ ቢሆንም ለስደተኛ ማኅበረሰብ ከባድ ነው፤ ሽማግሌዎች ወይም የማኅበር አባላት የሚሰጡት ድጋፍ በጥናት ተመዝኖ አያውቅም።

ዘመድን በተመለከተ ግን ነገሩ እየተሻሻለ ነው። በ2008 የወጣ ሕግ ልጅ ከቤት በወጣ በ30 ቀን ውስጥ ለአዋቂ ዘመዶቹ ማስታወቂያ እንዲደርስ ያስገድዳል። በ2023 የወጣ ደንብ ደግሞ ስቴቶች ለዘመድ ከባዕድ የቀለለ የፎስተር ፈቃድ መስፈርት እንዲያወጡ ፈቅዷል። አክስት ወይም አያት ያለው ልጅ ባዕድ ቤት ከማደሩ በፊት የዘመዶቹን ስምና ስልክ ለሠራተኛው መስጠት ዋጋ አለው።

ሌሎቹን ምንጮች ቶሎ ልለፋቸው። ታይትል ፎር-ቢ ለቤተሰብ ድጋፍ የሚሰጥ ሲሆን ስቴቱ 25 በመቶ ያዋጣል፤ በጥር 2025 ታድሷል። ለድሃ ቤተሰቦች ተብሎ በ1996 የተመደበው ታንፍ በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነው። መጠኑ ከዚያ ወዲህ አላደገም፤ ከዚያው ላይ ብዙ ስቴቶች ለሕፃናት ጥበቃ ይቀንሳሉ። እንዲያውም ለድሃ እናት በእጅ ሊሰጥ ይችል የነበረ ገንዘብ የመርማሪ ደመወዝ ይሆናል። ሌላው በወንጀል የተፈረደባቸው ሰዎችና ኩባንያዎች ለፌዴራል ፍርድ ቤት ከሚከፍሉት ቅጣት የሚሞላው ፈንድ ነው። የተጎዳ ልጅ ታሪኩን ለፖሊስም ለሐኪምም ደጋግሞ እንዳይናገር፣ በአንድ ቤት አንዴ ብቻ እንዲጠየቅ የሚያደርጉ ማዕከላት ከዚህ ይደጎማሉ። የመጀመሪያው በ1985 በሀንትስቪል፣ አላባማ ተከፈተ።

ሰጪውም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ከ2001 ጀምሮ የፌዴራል መንግሥት እያንዳንዱን ስቴት በየጊዜው ይፈትሻል፤ መዝገብ ያገላብጣል፣ ቤተሰቦችን ያነጋግራል። በመጀመሪያው ዙር በሁሉም መለኪያ ያለፈ አንድም ስቴት አልተገኘም። የወደቀ ስቴት የማሻሻያ እቅድ ያቀርባል፤ እቅዱን ካልፈጸመ ገንዘቡ ይቀነሳል።

ለእኛ ሰው በቀጥታ የሚደርሰው ግዴታ ቋንቋን የሚመለከተው ነው። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ታይትል ሲክስ፣ ከፌዴራል ገንዘብ የሚወስድ ማንኛውም ድርጅት በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርግ ይከለክላል። እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ ከዚህ ይመነጫል፤ የሲፒኤስ መሥሪያ ቤቶችም አይቀሩለትም። ዲሲ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ ጨምራለች፤ ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ስለዚህ ወላጅ «አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ሲል ውለታ እየለመነ አይደለም። የአስተርጓሚውን ዋጋም ወላጁ አይከፍልም። ጉዳዩ ስለ ልጁ በሆነበት ቤት ልጁን ራሱን አስተርጓሚ ማድረግ ደግሞ ለማንም አይበጅም፤ ሠራተኛው ስልክ ደውሎ በመስመር ላይ አስተርጓሚ ማግኘት ይችላል።