ሞንቲ ወርቁን በብሎን አልለወጠም

የጣሊያናዊው የቦብስሌይ (በበረዶ መውረጃ ላይ የሚነዳ ተንሸራታች) ነጂ የኤውጄኒዮ ሞንቲ ስም ሲነሳ አንድ ታሪክ ተከትሎ ይመጣል። በ1964 የኢንስብሩክ የክረምት ኦሊምፒክ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ተቀናቃኞቹ እንግሊዞች ብሎን ተሰበረባቸው። ሞንቲ ከራሱ ቦብስሌይ አስፈትቶ ሰጣቸው። እነሱ ወርቅ ወሰዱ፣ እሱ ነሐስ። ታሪኩ እውነት ነው። ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ብዙ ነገር ተለጥፎበታል፤ ሰው የሚለውን በጥቅስ እያስቀመጥኩ አንድ በአንድ እመልሳለሁ።

«በረዶ ላይ መንሸራተት ያው አንድ ነው»

አይደለም። ሉጅ በሚባለው ተንሸራታች ላይ በጀርባ ተኝተው እግር አስቀድመው ይወርዳሉ። ስኬለተን በሚባለው ላይ በደረት ተኝተው፣ ጭንቅላት አስቀድመው። (እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ይሄኛው የጤና አይመስለኝም።) ቦብስሌይ ግን ቁጭ ብለው የሚነዱት ነው። ሁለት ወይም አራት ሰው እየሮጠ ይገፋውና ዘሎ ይገባል። የፊተኛው ይነዳል፣ የኋለኛው ፍሬን ይይዛል። መሪ አለው፣ አክስል አለው። መካኒክም ይፈልጋል። ብሎን የሚያህል ትንሽ ነገር ተሰብሮ ውድድር የሚያስቀረውም ለዚህ ነው።

«ብሎኑን ባይሰጥ ወርቁ የእሱ ነበር»

በብዛት የሚነገረው ስህተት ይሄ ነው። ውጤቱን ተመልከቱ። በሁለት ሰው ውድድር ቶኒ ናሽና ሮቢን ዲክሰን የአራት ዙር ድምር ሰዓታቸው 4 ደቂቃ ከ21.90 ሰከንድ ነበር። ሁለተኛ የወጣው ግን ሞንቲ አይደለም። ሌላው የጣሊያን ቦብ ነው፤ የሚነዳው ሰርጂዮ ዛርዲኒ ነበር፣ ሰዓቱም 4 ደቂቃ ከ22.02። ሞንቲ በ4 ደቂቃ ከ22.63 ሦስተኛ ወጣ። እንግሊዞቹ በዚያ ብሎን ምክንያት ቢቀሩ ኖሮ ወርቁ የዛርዲኒ ይሆን ነበር። ለሞንቲ የሚደርሰው የብር ሜዳሊያ ነው።

እኔ እንደሚመስለኝ ይሄ ነገሩን አያሳንሰውም። እንዲያውም ያጠነክረዋል። ብሎኑን ሲሰጥ ውድድሩ ገና አላለቀም፤ ማን ስንተኛ እንደሚወጣ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። በዚያ ላይ የአገሩ ልጅ ዛርዲኒም ወርቁን በ12 መቶኛ ሰከንድ ነው ያጣው። አገር ቤት ያሉ ሰዎች ቅር ቢላቸው አይገርምም። ሞንቲ ሲጠየቅ መልሱ አጭር ነበር፦ ናሽ ያሸነፈው በእኔ ብሎን ሳይሆን ፈጣን ስለነበረ ነው።

«ደግነቱ የአንድ ቀን ነገር ነው»

በዚያው ኦሊምፒክ፣ በአራት ሰው ውድድር፣ በቪክ ኤመሪ የሚነዳው የካናዳ ቦብ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ አክስሉ ተበላሸ። ኤመሪ ሲደርስ ሞንቲና የጣሊያን መካኒኮች ቦቡን ገልብጠው እየሠሩለት አገኛቸው። ካናዳ ወርቅ ወሰደች፣ ኦስትሪያ ብር፣ ሞንቲ እንደገና ነሐስ። ለስፖርታዊ ጨዋነት የሚሰጠውን የፒየር ደ ኩበርታን ሜዳሊያ በመቀበል የመጀመሪያው የሆነው በእነዚህ ሥራዎቹ ነው። ሰው ብሎኑን ያስታውሳል፣ ተገልብጦ የተጠገነውን ቦብ ግን የሚያነሳው የለም።

«ከልጅነቱ ጀምሮ ቦብስሌይ ነጂ ነበር»

በ1928 ዶቢያኮ በምትባል የሰሜን ጣሊያን የተራራ ከተማ ተወለደ። የመጀመሪያ ፍቅሩ ስኪ ነበር፣ በእሱም ተስፋ የተጣለበት ወጣት ነበር። በ1951 ጉልበቱ ላይ ጅማት ተበጠሰና ስኪው አበቃ። ወደ ቦቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። «በራሪው ቀይ» የሚለው ቅጽል ስሙም ከቦቡ ቀለም አልመጣም፤ ቀይ ጸጉር ስለነበረው ነው።

«በ1960 ኦሊምፒክ ያልታየው ስላልቻለ ነው»

ያኔ እንዲያውም እሱን የሚችል ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በሁለት ሰው ከ1957 እስከ 1961 በተከታታይ የዓለም ሻምፒዮን ነበር። ችግሩ የ1960ው ኦሊምፒክ የተደረገበት ስኳው ቫሊ ነው። የአሜሪካ አዘጋጆች የቦብስሌይ መውረጃ ለመሥራት ወጪው በዛብን አሉ፤ ስለዚህ በዚያ ዓመት ኦሊምፒክ ላይ ቦብስሌይ የሚባል ነገር አልነበረም። ሞንቲ በዚያው ዓመት ኮርቲና ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና በሁለቱም ዓይነት አሸነፈ። ኦሊምፒክን ሳንቆጥር በጠቅላላው 9 የዓለም ሻምፒዮናነት አለው።

«የኦሊምፒክ ወርቅ ሳያገኝ ቀረ»

ታሪኩን የሚናገሩ ሰዎች 1964 ላይ ስለሚያቆሙ ነው ይሄ የመጣው። እስከዚያ ድረስ በ1956 ኮርቲና ላይ ሁለት ብር፣ ኢንስብሩክ ላይ ሁለት ነሐስ ነበረው። በ1968 የፈረንሳይዋ ግሬኖብል ኦሊምፒክ ሲመጣ 40 ዓመት ሞልቶታል። የቦብስሌይ ውድድሩ አልፕ ዱዌዝ በሚባል የተራራ ቦታ ላይ ነበር። ፀሐዩ በረዶውን ስለሚያቀልጠው በጨለማ ተነስተው ነው የሚወርዱት። በሁለት ሰው ከሉቺያኖ ዴ ፓኦሊስ ጋር አራት ዙር ወረደ። ሲደመር ከምዕራብ ጀርመኑ ሆርስት ፍሎት ጋር እኩል፣ ሁለቱም 4 ደቂቃ ከ41.54 ሰከንድ። መቶኛ እንኳ ልዩነት የለም። ከዚያ ፈጣኑን አንድ ዙር የወረደው ወርቁን ይውሰድ ተባለ፤ ማን ነው? ሞንቲ።

የአራት ሰው ውድድር ደግሞ በረዶው እየቀለጠ ስላስቸገረ ሁለት ዙር ብቻ ተካሄደ። እሱንም አሸነፈ። በዚያው ዓመት መንዳት አቆመ።