ኢላማ ተኮር የካንሰር መድኃኒት «በጤና መድን ይሸፈናል» ማለት ምን ማለት ነው?

በጤና መድን ቋንቋ «ሽፋን» ማለት አባል የሆነ ሰው ሲታመም የሕክምናውን ወጪ ከኪሱ ሳይሆን አባላት ካዋጡት ገንዘብ መድኑ ይከፍልለታል ማለት ነው። ለሳንባ ምች ወይም ለትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ይህ ትርጉም ይበቃል። ወደ ካንሰር፣ በተለይም ኢላማ ተኮር ወደሚባሉት መድኃኒቶች ስንመጣ ግን ቃሉ ተፍታቶ መነገር አለበት፤ ስሙ በዝርዝር ላይ የሰፈረ መድኃኒት ታካሚው ዘንድ ሳይደርስ የሚቀርባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸውና።

የተለመደው ኬሞቴራፒ በፍጥነት የሚባዙ ሴሎችን ሁሉ ስለሚመታ ከካንሰሩ ጋር የፀጉርንና የአንጀትን ጤነኛ ሴሎችም ይጎዳል። ሐኪሞች «ታርጌትድ ቴራፒ» የሚሉት ኢላማ ተኮር ሕክምና ግን ካንሰሩን የሚያሳድገውን አንድ የታወቀ ፕሮቲን ለይቶ ያግዳል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው ኢማቲኒብ የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞዞም ቁራጮች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠረውን ፕሮቲን በመግታት አንድ ዓይነት የደም ካንሰርን በየዕለቱ በሚዋጥ ክኒን ለዓመታት የሚቆጣጠሩት በሽታ አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የጸደቀው ትራስቱዙማብ ደግሞ «ኸር ቱ» የተባለው ፕሮቲን በዝቶ ለሚገኝባቸው የጡት ካንሰር ታካሚዎች የሚሰጥ ሲሆን፣ እነዚህ ታካሚዎች ከጠቅላላው ከ15 እስከ 20 በመቶ ያህል ናቸው። ለቀሩት መድኃኒቱ ጥቅም የለውም፤ የልብን ጡንቻ ሊያዳክም ስለሚችልም ያለ ምክንያት መስጠቱ ጉዳት ነው።

ስለዚህ የሽፋኑ የመጀመሪያ ክፍል መድኃኒቱ ሳይሆን ምርመራው ነው። «ኸር ቱ» መብዛቱን ለማወቅ ከዕጢው የተወሰደው ናሙና ልዩ ቀለም ተቀብቶ ከ0 እስከ 3 ውጤት ይሰጠዋል፤ 0 እና 1 «አልበዛም»፣ 3 «በዝቷል» ማለት ሲሆን፣ 2 የሆነበት ናሙና ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ጂን ራሱን የሚቆጥር ሁለተኛና ውድ ምርመራ ያስፈልገዋል። የጡት ካንሰር የያዛት የአክስቴ ውጤት 2 ነበር። መሃል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ የያዘችውን የመድን መታወቂያ ፈትታ በላቦራቶሪው መስኮት ስታቀርብ፣ ባለሙያዋ ወረቀቱን አይታ በትሕትና «እናቴ፣ ይሄኛው እዚህ አይሠራም፤ ውጭ ነው የሚሠራው» አለቻት። አክስቴ መታወቂያውን መልሳ ቋጠረችው። ናሙናው ወደ ግል ላቦራቶሪ ሄደ፤ ክፍያውም ከቤተሰቡ ተዋጣ።

ሁለተኛው የሽፋኑ ክፍል የሕክምናው ርዝማኔ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በመጀመሪያው ዙር 480 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ 360 ሚሊግራም ትራስቱዙማብ ትወስዳለች፤ ለአንድ ዓመት ሲቆጠር 18 ዙር ገደማ ይሆናል። በየሦስት ወሩም የልብ አልትራሳውንድ ትነሳለች። አራት ዙር ከፍሎ አምስተኛው ላይ «አልቋል» የሚል ሽፋን በወረቀት ላይ ሽፋን ሊባል ይችላል፤ ከቸርችል ጎዳና እስከ ሜክሲኮ አደባባይ ድረስ የመድኃኒት ማዘዣ ይዞ ከፋርማሲ ፋርማሲ ለሚንከራተት ሰው ግን ትርጉም የለውም።

በአገራችን ሁለት ዓይነት የሕዝብ ጤና መድን ተነድፏል። በመደበኛው ዘርፍ ለተቀጠሩ ሰዎች የታሰበው ማኅበራዊ ጤና መድን በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገ ሲሆን፣ ከሠራተኛው ደመወዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪውም 3 በመቶ እንዲዋጣ የሚያደርግ ነው፤ ሥራ ላይ መዋሉ ግን በተደጋጋሚ ተራዝሟል። እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች በሙከራ የጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደግሞ ቤተሰብ በዓመት የሚያዋጣበት፣ መክፈል ለማይችለው መንግሥት የሚከፍልለት፣ ከጤና ጣቢያ ተጀምሮ በሪፈር ወደ ሆስፒታል የሚኬድበት ሥርዓት ነው። መድኑ የሚከፍለው ውል የገባው ተቋም ለሰጠው አገልግሎት በመሆኑ፣ ተቋሙ የሌለውን መድኃኒት አባሉ «ተሸፍኖልኛል» ብሎ ቢጠይቅም መደርደሪያው ባዶ ከሆነ መልስ አያገኝም። በእኔ አስተያየት አብዛኛው ቅሬታ የሚነሳው ከዚህ ነው፤ ሰዉ በመድኑ ያዝናል እንጂ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ያለው በአቅርቦቱ ላይ ነው።

ኢማቲኒብ በዚህ ረገድ ልዩ ታሪክ አለው። በጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚታከሙ የደም ካንሰር ታካሚዎች መድኃኒቱን ለዓመታት ሲያገኙ የኖሩት አምራቹ ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ባዘጋጀው የነፃ ዕርዳታ ፕሮግራም ነው። ይህ የብዙ ሰው ሕይወት ያቆየ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም ዕርዳታ የሰጪው ፈቃድ ሲሆን ሽፋን የአባሉ መብት ነውና ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠር አይገባም።

ታዲያ ውድ መድኃኒት ወደ ጥቅም ማዕቀፉ፣ ማለትም መድኑ ወደሚከፍልባቸው አገልግሎቶች ዝርዝር፣ የሚገባው እንዴት ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ትራስቱዙማብንና ኢማቲኒብን እ.ኤ.አ. በ2015 በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቷል፤ በ2019 መጨረሻም ለትራስቱዙማብ ተመሳሳይ ለሆነና በሌላ አምራች ለተሠራ ምርት የመጀመሪያውን የጥራት ማረጋገጫ ሰጥቷል። ተመሳሳይ ምርት ሲበዛ ዋጋ ይወርዳል። ዝርዝሩ ግን ምክር እንጂ በጀት አይደለም። ታይላንድ አንድ መድኃኒት ለታካሚው የሚጨምርለትን አንድ ሙሉ የጤና ዓመት የሚያስወጣውን ገንዘብ አስልታ፣ 160,000 ባት (የአገሪቱ ገንዘብ) ካለፈ ከአምራቹ ጋር ዋጋ እስከ መደራደር ትደርሳለች። እኛም ብንሆን ለዚህ እንግዳ አይደለንም፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የተከለሰው የኢትዮጵያ መሠረታዊ የጤና አገልግሎቶች ጥቅል 1,018 አገልግሎቶችን በቅደም ተከተል የመዘነው ወጪንና ጥቅምን እያነጻጸረ ነበር።

በዚህ ሚዛን ላይ ምርመራውና መድኃኒቱ ተለያይተው መቀመጣቸው ስህተት ይመስለኛል። ምርመራው ሳይሸፈን መድኃኒቱን መሸፈን ማን እንደሚጠቀም ሳያውቁ መክፈል ነው፤ መድኃኒቱ ሳይኖር መመርመርም ለታካሚዋ የማታገኘውን ነገር ማሳየት ነው። ስለዚህ ታካሚም አስታማሚም በሆስፒታሉ የመድን ክፍል ሊጠይቁ የሚገባው «መድኃኒቱ ይሸፈናል?» ብቻ ሳይሆን፣ ምርመራው፣ የልብ ክትትሉና የመጨረሻው ዙር ድረስ ያለው አቅርቦት እንዴት እንደሆነ ጭምር ነው፤ ይህም ከመጀመሪያው መርፌ በፊት።

የአክስቴ ሁለተኛ ምርመራ ውጤት ከሦስት ሳምንት በኋላ ደረሰ፤ ካንሰሩ «ኸር ቱ» የበዛበት አይደለም። ቀዶ ሕክምናዋንና ኬሞቴራፒዋን መድኑ ከፈለላት። 18 ዙር መድኃኒት እንደማያስፈልጋት የነገረን ግን መድኑ ያልከፈለው ያ አንድ ምርመራ ነበር።