ሬዚደንት ምንድን ነው?

«ሬዚደንት በሕንድ መሳፍንት ቤተ መንግሥት ተቀምጦ ሕዝቡን ከጨካኝ ገዢ የሚጠብቅ የእንግሊዝ አምባሳደር ነበር» ሲል አንድ ተንታኝ ሰማሁ። የመጀመሪያ ጊዜ ቢሆን ዝም ባልኩ።

አምባሳደር ንጉሥ አይሽርም። የነፍስ አባት ብንለው ይቀርባል፤ እልፍኝ ድረስ ይገባል፣ ይመክራል፣ ይገሥጻል። ግን የሰማውን ኑዛዜ ለእንግሊዝ መንግሥት የሚጽፍ፣ ንስሐውንም አገር የሚያስከፍል የነፍስ አባት ነው። በሰሜን ሕንድ የአዋድ ገዢ (ናዋብ) እ.ኤ.አ. በ1801 ግማሽ ያህል ግዛቱን ለእንግሊዙ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ለቆ፣ የቀረውንም በኩባንያው ሹማምንት ምክር ለተገዢዎቹ በሚበጅ መንገድ ሊያስተዳድር ውል ገባ። በ1856 «ውሉ ፈርሷል» ተብሎ ቀሪውም ተወሰደ።

ተንታኙ የዘለለው የበደሉን ምንጭ ነው። ቀድሞ ገዢ ሲከፋ ገበሬው ይሸፍታል ወይም አገር ጥሎ ይሄዳል፣ መኳንንቱም ይከዱታል። የእንግሊዝ ጦር ደጁ ላይ ከሰፈረለት በኋላ ግን ማንን ይፍራ? አቤቱታ ሰሚውና የበዳዩ ጋሻ አንድ ሆኑ።

የሕዝቡ እንባ ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም። በምዕራብ ሕንድ የባሮዳ ገዢ በነበረው በማልሃር ራኦ ላይ በ1873 የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን ግርፋትን፣ በግድ ወደ ቤተ መንግሥት የተወሰዱ ሴቶችን፣ ከአቅም በላይ የሆነ ግብርን ሰምቶ ብዙውን እውነት ሆኖ አግኝቶታል። ይሁንና አቤቱታዎቹን የምናነባቸው በእንግሊዝ ሹማምንት መዝገብ ውስጥ ስለሆነ፣ በየገጹ የማን ድምፅ እንደሚናገር መጠየቅ ግድ ይላል።

ማልሃር ራኦ እንዲታረም እስከ 1875 መጨረሻ ጊዜ ተሰጠው። በኅዳር 1874 መጀመሪያ ማልሃር ራኦ፣ የባሮዳው ሬዚደንት ኮሎኔል ፌይር ከቦታው እንዲነሣለት ሕንድን ለሚገዛው የእንግሊዝ እንደራሴ ጻፈ። ከሳምንት በኋላ ፌይር ከጠዋት ሽርሽሩ ተመልሶ የፍራፍሬ ጭማቂውን ቀመስ አደረገና የቀረውን ደፋው፤ ብርጭቆው ሥር ጥቁር አተላ ቀርቶ አየ። አርሴኒክ ነበር።

ማልሃር ራኦ አስመርዞታል የሚለውን ክስ ያዩት ሦስት እንግሊዛውያንና ሦስት ሕንዳውያን ነበሩ። እንግሊዛውያኑ ጥፋተኛ ነው ሲሉ ሕንዳውያኑ አልተስማሙም። በሚያዝያ 1875 ግን ማልሃር ራኦ ተሻረ፤ አዋጁም ምክንያቱን መርዙ ላይ ሳይሆን «ብልሹ አስተዳደር» ላይ አደረገው። የማረሚያው ጊዜ ገና ወራት ይቀረው ነበር። እሱ ወደ ማድራስ ተጋዘ፤ ዙፋኑ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ተቀመጠ፤ ሥልጣኑም እንግሊዞች በመረጡት ሕንዳዊ ዋና ሚኒስትር በማድሃቫ ራኦ እጅ ገባ።