ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚረዱ የመደጋገፊያ ስብሰባዎች፦ ለአዲስ አበባ ዳርቻ ነዋሪ

የመደጋገፊያ ስብሰባ መጠጥ ያቆሙና ለማቆም የቆረጡ ሰዎች በተወሰነ ቀንና ሰዓት ተገናኝተው ስለ ራሳቸው የሚነጋገሩበት ነው። ከጀሞ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከአሸዋ ሜዳ ለሚነሳ ሰው ትልቁ ፈተና ቡድኑን ማግኘትና ማታ ወደ ቤት መመለስ ነው። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ስብሰባ በየሳምንቱ ሳይቋረጥ ሊደረስበት የሚችለው ነው።

በይበልጥ የሚታወቀው አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ በአጭሩ ኤኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት፣ አክረን ከተማ ተጀመረ። የጀመሩት ሁለት ጠጪዎች ናቸው፤ አንዱ በአክሲዮን ገበያ የሚሠራ፣ ሌላው የቀዶ ሕክምና ሐኪም። አባል ለመሆን መጠጥ የማቆም ፍላጎት ይበቃል። ክፍያ የለም፤ ለክፍል ኪራይና ለሻይ የሚዞረው መዋጮም በፈቃድ ነው። አባላቱ ከመጠጥ ለመላቀቅ በየተራ በሚከተሏቸው 12 ደረጃዎች ውስጥ ፈጣሪ በተደጋጋሚ ይነሳል፤ ሆኖም ፈጣሪን እያንዳንዱ የሚረዳው በገባው መጠን ስለሆነ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም አብረው መቀመጥ ይችላሉ። ከዚህ ሌላ በሱስ ሕክምና ክፍሎች ባለሙያ የሚመራው የቡድን ምክክር አለ፤ እሱ ግን በአብዛኛው ሕክምና ላይ ላሉ ሰዎች ነው።

ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ካልቀመሰ እጁ ብርጭቆ የማይጨብጥለት ሰው ግን በቅድሚያ ሐኪም ዘንድ ይሂድ። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም መንቀጥቀጡና ላቡ በ6 ሰዓት ውስጥ ሊጀምር ይችላል። ራስን የሚያስት መንፈራገጥ እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ደግሞ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ሊመጣ ይችላል። ይህ ሊገድል ይችላል። ሐኪም ግን እንደ ዳያዜፓም ባሉ መድኃኒቶችና በቫይታሚን ቢ1 ይቆጣጠረዋል። መርካቶ አካባቢ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በከተማዋ ምሥራቅ ዳር ደግሞ ኤካ ኮተቤ ጠቅላላ ሆስፒታል አለ። ጠበል የገባ ጠጪ በሦስተኛው ቀን ሲንቀጠቀጥና ሲጮህ «መንፈሱ ነው» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። ጠበሉና ሕክምናው ጎን ለጎን ቢሄዱ ችግር የለም፤ መድኃኒት ማስጣል ግን አደገኛ ነው።

ስም አለመግለጽ የአሠራሩ መሠረት ስለሆነ ስብሰባውን በር ላይ በተሰቀለ ሰሌዳ ማግኘት አይጠበቅም። የሱስ ሕክምና ነርሶችን መጠየቅ ይሻላል፤ ከኢንተርኔት የተገኘ ዝርዝር ጊዜው ያለፈበት ሊሆን ስለሚችል ደውሎ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ሲደወል የሚጠየቁት እነዚህ ናቸው፦ ስብሰባው ክፍት ነው ዝግ? ወደ ዝጉ የሚገባው መጠጥ ለማቆም የሚፈልግ ብቻ ነው፤ ወደ ክፍቱ ዘመድም ይገባል። በአማርኛ ነው በእንግሊዝኛ? ሴቶች ይመጣሉ? ሰዓቱስ በማን አቆጣጠር ነው? ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ተራ ይመስላል፤ ነገር ግን ዝርዝሩ ላይ 6:00 የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ ምሽት 12 ሰዓት ነው። ቀን በ6 ሰዓት ሄዶ የተቆለፈ በር ያገኘ ሰው ዳግመኛ ላይሞክር ይችላል።

ስብሰባው አንድ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። 12 ሰዓት ላይ ከተጀመረ የሚያልቀው መገናኛና ሜክሲኮ ላይ የታክሲ ሰልፍ በሚረዝምበት ሰዓት ነው፤ ከሰልፉ አጠገብ ደግሞ ድራፍት ቤት አይጠፋም። የቅዳሜ ወይም የእሑድ ጠዋት ስብሰባ ከተገኘ ለዳርቻ ነዋሪ የተሻለ ነው። በኮንዶሚኒየም ሰው በዕድር ስለሚተዋወቅ የሰፈር ቡድንን የሚሸሹ አሉ። አንድ ታክሲ የሚያስኬድ ርቀት ይበቃል፤ ሦስት ታክሲ ከሆነ ግን ክረምት ላይ መቅረት ይጀመራል።

ውስጥ ሲገባ አጭር ጸሎትና ንባብ ይቀድማል። ከዚያ ተናጋሪው በመጀመሪያ ስሙ ብቻ ራሱን ያስተዋውቃል፤ መሃል ገብቶ «አይዞህ፣ እንዲህ አድርግ» ማለት አይፈቀድም። ምክር መስጠት ለለመደ ለእኛ ሰው ይህ በጣም ይከብዳል። አዲስ የመጣ ሰው አዳምጦ ብቻ መውጣት ይችላል። በአንድ ቀን ከመፍረድ አራት አምስት ጊዜ ተመላልሶ ማየት፣ ከዚያም ቆየት ካሉት አባላት አንዱን ስፖንሰር፣ ማለትም አዲሱን በግል የሚደግፍ፣ እንዲሆን መጠየቅ የተለመደ ነው።

ቡድን ሲመረጥ የአገሩን አጠጣጥ ማወቁም ይታያል። ጫት ቅሞ ለጨብሲ የሚጠጣ ሰው ጫቱን ይዞ መጠጡን ብቻ ልተው ቢል አመሻሽ ላይ ምርቃናው ይጎትተዋል። ሁዳዴን 55 ቀን ሳይቀምስ የጾመ ደግሞ «ሱስ የለብኝም» ብሎ ስብሰባውን ይተውና ፋሲካን በጠላ ይፈስካል፤ ዳግማ ትንሣኤ ላይ አረቄ ቤት ይገኛል። በበዓል ሰሞን የሚበተን ቡድን ስለዚህ ብዙ አያስተማምን፤ ሌላ ከሌለ ከአባላቱ ጋር ስልክ አስቀድሞ መለዋወጥ ይበጃል። ጠላ ጠምቃ የምትሸጥ ሴት ከመጠጡ ጋር የምትኖረው በእንጀራዋ ምክንያት ነውና ይህን ለሴቶች ብቻ በሆነ ቡድን ማንሳት ይቀላታል።

መንገዱ ጨርሶ ላልተመቸው በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎች አሉ፤ ቪዲዮውን አጥፍቶ በድምፅ ብቻ መከታተል ዳታ ይቆጥባል። ለቤተሰብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1951 የተመሠረተው አል-አነን ለብቻው ይሰበሰባል። ጠጪው «እኔ ምን ሆንኩና» ቢልም ሚስት ወይም እናት እሱን ሳትጠብቅ መሄድ ትችላለች።