ከጋዝ ማመንጫ ጭስ ካርቦን መያዝ፦ ወጪው እና የሞንግስታድ ታሪክ

ካርቦን መያዝ ማለት ከኃይል ማመንጫ ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ለይቶ ማስቀረት ነው። የተያዘው ጋዝ ታምቆ በቧንቧ ወይም በመርከብ ይጓጓዛል። በመጨረሻ ከምድር በታች፣ ብዙ ጊዜም ከባሕር ወለል ሥር ይቀበራል።

በጋዝ የሚሠራ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ጭስ ከድንጋይ ከሰል ጭስ ይልቅ ንጹህ ነው። ወጪውን የሚያንረውም ይኸው ንጽህናው ነው። በከሰል ጭስ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ12 እስከ 14 በመቶ ይደርሳል። በጋዝ ተርባይን ጭስ ውስጥ ግን 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ቶን ለመያዝ እጅግ ብዙ ጭስ ማሳለፍ ግድ ይላል። ጭሱ የሚያልፍበት ማማም በዚያው ልክ ይገዝፋል።

ለዚህ ሥራ በብዛት የሚያገለግለው አሚን የሚባል ኬሚካል ነው። 40 ዲግሪ ገደማ ላይ ካርቦኑን ይይዛል፣ 120 ዲግሪ ገደማ ሲሞቅ ይለቀዋል። ማሞቂያው እንፋሎት የሚመጣው ከራሱ ከጣቢያው ነው። ጣቢያው ሊሸጠው ከሚችለው መብራት ላይ ይቀነሳል ማለት ነው።

ሒሳቡን እንየው። ዘመናዊ የጋዝ ጣቢያ ለአንድ ሜጋዋት ሰዓት መብራት 350 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። 90 በመቶው ቢያዝ 315 ኪሎ ይሆናል። አንድ ቶን ለመያዝ 100 ዶላር ይፈጃል ብንል፣ በአንድ ሜጋዋት ሰዓት ላይ 31 ዶላር ተኩል ይጨመራል። ይህ ግን ጣቢያው ቀን ከሌት ሲሠራ ነው። ግማሹን ጊዜ ከቆመ፣ ለግንባታ የወጣው ገንዘብ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ስለሚከፋፈል ዋጋው ይንራል።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ቤሊንግሃም የነበረ ጣቢያ ከ1991 እስከ 2005 (ሁሉም ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በቀን ከ300 ቶን በላይ እየያዘ ለምግብ ኢንዱስትሪ ይሸጥ ነበር። የጋዝ ዋጋ ሲወደድ አቆመ።

ነገሩን የምር የያዘችው ኖርዌይ ናት። በ1991 በባሕር ላይ የነዳጅ ሥራ የካርቦን ግብር ጣለች። ከ1996 ጀምሮ በስላይፕነር የጋዝ መስክ በዓመት ወደ 1 ሚሊዮን ቶን ትቀብር ጀመር። እዚያ ካርቦኑ ጋዙ ለገበያ እንዲበቃ የግድ መውጣት ስለነበረበት ወጪው ቀላል ነበር። የማመንጫ ጭስ ሲሆን ግን ፖለቲካውም ከበደ። በመጋቢት 2000 የጠቅላይ ሚኒስትር ቦንደቪክ መንግሥት የወደቀው በጋዝ ጣቢያዎች ክርክር ነው።

ጠቅላይ ሚኒስትር ስቶልተንበርግ በ2007 የአዲስ ዓመት ንግግራቸው የሞንግስታድን ፕሮጀክት የአገራቸው «የጨረቃ ጉዞ» አሉት። ሞንግስታድ ከበርገን በስተሰሜን የሚገኝ የነዳጅ ማጣሪያ ነው። ዕቅዱ እዚያ ከሚገነባው አዲስ የጋዝ ጣቢያ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ መያዝ ነበር። መጀመሪያ የሙከራ ማዕከሉ ተገነባ፤ 6 ቢሊዮን ክሮነር (የኖርዌይ ገንዘብ) ገደማ ፈጅቶ በግንቦት 2012 ተመረቀ። በዓመት እስከ 100,000 ቶን የመያዝ አቅም ያለው፣ ለዓለም ሁሉ ክፍት የሆነ ድንቅ የሙከራ ቦታ ነው።

ትልቁ ፕሮጀክት ግን በመስከረም 2013 ተሰረዘ። መንግሥት ወጪውንና ሥጋቱን ምክንያት አደረገ። ተቺዎች ቃሉን አጠፈ አሉ። ከአሚን የሚወጡ ውህዶች ጤና ይጎዳሉ የሚለው ጥርጣሬም አስቀድሞ ሥራውን አጓትቶት ነበር። በዚያው በኖርዌይ ካርስቶ ላይ በ2007 የተከፈተው ሌላው የጋዝ ጣቢያ ደግሞ ጋዙ ከመብራቱ ስለተወደደ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ኖረ፤ በኋላም ተዘጋ። እንዲህ ባለ ጣቢያ ላይ መያዣ መግጠም ገንዘቡን አይመልስም።

የሞንግስታዱ የሙከራ ማዕከል ግን ሥራውን ቀጠለ። የነዳጅ ኩባንያው ሼል ካንሶልቭ የተባለ የካርቦን መያዣ ፈሳሹን እዚያ ሞከረ። ይኸው ቴክኖሎጂ አሁን በእንግሊዝ ቲሳይድ በሚገነባው አዲስ የጋዝ ጣቢያ ላይ ይገጠማል። ሲያልቅ እስከ 742 ሜጋዋት ያመነጫል፤ በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን ቶን እንዲይዝ ታቅዷል። ገንዘቡ በታኅሣሥ 2024 ተዘጋጀ። በገባው ውል መሠረት ጣቢያው ለሸጠው መብራት ብቻ አይከፈለውም፤ ካርቦን እየያዘ ለማመንጨት ዝግጁ ሆኖ በመቆየቱም ይከፈለዋል። ነፋሱ በርትቶ የነፋስ ማመንጫዎች መብራቱን ስለሚሸፍኑ ጣቢያው በቆመባቸው ቀናትም የግንባታ ዕዳው የሚከፈለው ከዚህ ገንዘብ ነው።